ልጄ ሰሌን ላይ የታጠፈች ቀን

የጓዳውን በር ገፍቼ ያየሁትን ዛሬም ሳስበው ልቤ ድንግጥ ይላል።

ልጄ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ቢሮ ትሠራለች። ከጧት ጀምራ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅራ ነው የምትውለው። አንገቷ ደርቆባት፣ ዞራ ለማየት ከነትከሻዋ መዞር፣ ሌሊቱንም እያቃሰተች ማደር ከጀመረች ቆይቷል። "አባባ፣ እንዲህ ከቀጠለ ሥራውን መተዌ ነው" አለችኝ። እኔ አርጅቻለሁ፣ የምንኖረው በእሷ ነው። ወጌሻ ላምጣልሽ ብላት አንገቴን ማንም አይጠመዝዘውም ብላ እንቢ አለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ከመስጊድ ስመለስ ከጓዳ ረጅም፣ የሚጎተት ትንፋሽ ሰማሁ። በሩን ገፋሁት። ልጄ ሰሌኑ ላይ በእጅና በጉልበቷ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍና ጀርባዋን እንደ ድመት ወደ ላይ ትቆልለዋለች፣ ደግሞ ወደ ታች ታሰምጠዋለች። "ያ ረቢ!" ብዬ ጮኽሁ። ሰውን እንዲህ የሚያደርግ እኔ የማውቀው ዛርን ብቻ ነው።

ጩኸቴን ሰምታ ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን መጣች። አንዴ አየቻትና "ደስቱር! ደስቱር!" እያለች፣ ዛሩን ፈቃድ እየጠየቀች ሽቶ ልታመጣ ሮጠች፤ እዚህ ዛርን የሚለማመኑት በሽቶ ነው። እኔም በሩ ላይ ተንበርክኬ እንዳገሬ ለመንሁ።

"ጌታዬ፣ ምን ይሻሉ? ቀይ ዶሮ ነው? ልጄን ብቻ ይልቀቁልኝ።"

ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ "በሩ እንዲዘጋ ነው የምሻው" አለች።

ድምፁ የራሷ ነው። ያ ደግሞ ይብስ አስደነገጠኝ።

"ዮጋ ነው አባባ፣ ስፖርት ነው። ለአንገቴ።"

ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች የቢሮ ባልደረባዋ ናት ያስተማረቻት። ይህን እየነገረችኝ ጎረቤታችን ደርሳ ሽቶውን አርከፈከፈችባት። ልጄ እያስነጠሰች በሳቅ ወደቀች። ነገሩ ሲገባት ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ "ያ ሐጅ፣ የእናንተ አገር ዛር ስፖርተኛ ነው እንዴ?" አለችኝ።

እኔ አልሳቅሁም። "ልጄ፣ ይቅርብሽ፣ ያስፈራል" አልኋት።

"ይህን ልተውና ሥራውንም ልተወው?"

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ እሷ ጓዳ፣ እኔ ሰው እንዳይገባባት በር ላይ። ያ ትንፋሽ በተሰማኝ ቁጥር ገላዬን ይሰቀጥጠኛል፤ ግን አልተነሣሁም።

ብዙ ሳምንት አለፈ። አንድ ጧት ወደ ቢሮ ስትሄድ ከደጅ ሆኜ አያታለሁ። መንገዱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። ትከሻዋ ንቅንቅ አላለም።

"አንገትሽ!" ብዬ ጮኽሁ።

ደንግጣ ያዘችው። "ምን ሆነ አባባ?"

"ዞረ!"