ቀንስልኝ የማይሉ ገዢዎች

ሰፈሩ «ጋሽ ጠርጥር» ይለዋል። በጀርባው አይደለም፣ ፊት ለፊት ነው የሚሉት። እሱም አይቆጣም፤ እንዲያውም ሙገሳ ይመስለዋል። ሙዚቃ ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ ሰው የነገረውን አንድም ነገር እንዳለ ተቀብሎ አያውቅም። አከፋፋዩ «ዕቃው አልቋል» ካለው መጋዘኑ ድረስ ሄዶ በዓይኑ ያያል። ሐኪም «ምንም የለብህም» ካለው «ምን ደብቆኝ ነው?» እያለ እንቅልፍ ያጣል። ሚስቱ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንዴት አምነህ አገባኸኝ?» ስትለው፣ «አጣርቼ ነዋ!» ይላት ነበር።

ደግሞስ ይፈረድበታል? ንግዱ ነው እንዲህ ያደረገው። ከሱቁ ፊት ለፊት ትልቅ ሱፐርማርኬት ተከፈተ፤ መግቢያው ላይ፣ ከሳሙናው ክምር አጠገብ፣ አዲስ የወጣ አልበም ሁሉ ተደርድሮ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ቀይ ወረቀት ተለጠፈበት። ዋጋውን ሲያይ ደሙ ፈላ። እሱ ከአከፋፋዩ ከሚረከብበት በታች ነው! «ከሌባ ካልገዙ በቀር እንዲህ አይሸጡም» ብሎ እየተንደረደረ አከፋፋዩ ዘንድ ሄደ። አከፋፋዩ ሳቀበት።

«ከስረው ነው የሚሸጡት ጋሼ። ሰው ለዘፈኑ ብሎ ይገባል፣ ዘይትና ሳሙና ተሸክሞ ይወጣል። ትርፉ ሳሙናው ላይ ነው። እርስዎ ሳሙና ይሸጣሉ?»

ጋሽ ጠርጥር ሳሙና አይሸጥም። ዘፈን ነው የሚሸጠው፣ ከዘፈን በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ይባስ ብሎ አንዱ እሳት የላሰ፣ አልበም ከሱፐርማርኬቱ በቅናሽ ገዝቶ ሲያበቃ «ከእርስዎ ነው የገዛሁት፣ አልወደድኩትምና ገንዘቤን ይመልሱልኝ» ብሎት በሙሉ ዋጋ ተቀብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ የሚወጣ ሲዲ ሁሉ ጀርባው ላይ ክብ አረንጓዴ ወረቀት ይለጠፍበታል። ወይ ፍንክች! አረንጓዴ የሌለው ዕቃ ይዞ የመጣ ሞኙን ይፈልግ።

ስልኩ ሲመጣ ግን አረንጓዴ ወረቀት ምን ያደርጋል? ድሮ አንዲት ዘፈን የወደደ ሰው አልበሙን በሙሉ ይገዛ ነበር፤ የቀሩት ዘፈኖች በእሷ ተንጠልጥለው ቤቱ ይገባሉ። ከርሞ ያው ሰውዬ ብቅ ይልና፣ «ለካ ዋናዋ መጨረሻ ላይ ያለችው ናት!» ይለዋል። ለጋሽ ጠርጥር የዚህ ሥራ ጣዕሙ ይህች ቃል ነበረች። አሁን ሰው ሁሉ የሚፈልጋትን አንዷን ብቻ፣ ከዳቦ ባነሰ ዋጋ፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያወርዳል። «የቀሩትንስ ማን ይስማቸው?» እያለ ስለ ዘፈኖቹ እንደ ሰው ልጅ ያዝን ጀመር።

እንዲህ ዝንብ ሲያባርር እየዋለ ሳለ ሱቁን ያከራየችው የቤቱ ባለቤት መጣች። ውሉ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ወይ ለሁለት ዓመት ይፈርምና ቅድሚያውን ይከፍላል፣ ወይ ቁልፉን ያስረክባል። ስልክ የሚሸጥ ሰው ሱቁን እየለመናት ነው። ቅድሚያው ማለት ደግሞ ጋሽ ጠርጥር ለእርጅናዬ ብሎ ያስቀመጣት ጥሪት በሙሉ ናት። ፈርሞ ገበያ ካጣ ባዶ እጁን ይቀራል። ካልፈረመ ደግሞ ከዚያ ባንኮኒ በስተጀርባ ካልሆነ የት እንደሚቆም አያውቅም። ለማንም አልተናገረም፤ ለሴት ልጁም ጭምር። የገንዘብን ነገር ለሰው ማውራት አይወድም።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ሆነ። አልበም መሸጥ ጀመረ!

ያቺ በየስፒከሩ የምትሰማዋ ወጣት ዘፋኝ ያወጣችው አዲስ አልበም ነው። መጀመሪያ አንዲት ልጅ ገዛች፣ ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ፣ ከዚያ ሁለት ሴቶች ተከታትለው። አከፋፋዩ ተጨማሪ ካርቶን ሲያመጣ ጋሽ ጠርጥር ደረቱን ነፍቶ ተረከበ። ጢሙን ሲላጭ ማፏጨት ጀመረ። ለቤቱ ባለቤትም ደውሎ «ሰኞ እፈርማለሁ» አላት።

ያም ሆኖ ልቡ አላረፈም። ከጎኑ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ በሩ ላይ ተደገፈ።

«ስማ፣ እነዚህ ገዢዎቼ ነገራቸው አላማረኝም።»

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ላይ ቀና አለ። «ገበያ ስታጣ ታለቅሳለህ፣ ሲመጣልህም ታለቅሳለህ። እንዴት ያለኸው ፍጡር ነህ?»

«ቀንስልኝ ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንድ! ፊት ለፊት በግማሽ ዋጋ ተደርድሮ እያዩ!»

«ጨዋዎች ናቸው።»

«ማዳመጫውን ስሰጣቸው አንፈልግም ይላሉ። ገልብጠው የዘፈኖቹን ዝርዝር አያዩም። ትናንትና አንዷ የዘፋኟን ስም እንኳ አታውቀውም። "ያቺን ስጠኝ፣ አዲሷን፣ ሴትየዋን" ነው ያለችኝ። ይሄ ነገር ውስጠ ወይራ ነው።»

ከዚያ ሲያብላላው የሰነበተውን አወጣው። ሬዲዮ ጣቢያው በየሳምንቱ ሙዚቃ ቤቶች እየደወለ በብዛት የተሸጠውን አልበም ይጠይቃል፤ በዚያ ነው ደረጃ የሚያወጣው። ስለዚህ የዘፋኟ ሰዎች ናቸው። ገንዘብ ለሰው እያስያዙ የገዛ አልበማቸውን ያስገዛሉ፣ እሷም አንደኛ ትወጣለች። ሌላ ምን ይሆናል?

«ታዲያ አንተ ምን ቸገረህ? ገንዘቡ ገንዘብ አይደለም?»

«አንደኛ በወጣች ማግስት ያቆማሉ» አለ ጋሽ ጠርጥር። የቀረውን ዋጠው። ሰኞ ፈርሞ ማክሰኞ ቢያቆሙስ? የእርጅናው ጥሪት ውሃ በላው ማለት ነው። ልቡ ግን እንደ ልጅ ሆኖበታል፤ ምነው እውነተኛ ገዢ በሆኑ ይላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በጥድፊያ ገባች። ፀጉሯ በሙሉ በቢጉዲን ተጠቅልሏል፤ ሻሽ ጣል አድርጋበታለች፤ ሻሹ ሊሸፍነው አልቻለም። አልበሙን ጠየቀች፣ ከፈለች፣ መልሷን እንኳ ሳትቆጥር ወጣች። ጋሽ ጠርጥር ክው ብሎ ቀረ። እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ ፀጉሯን በቢጉዲን አስጠቅልላ፣ ከወንበር ተነስታ ዘፈን ልትገዛ የምትሮጥ ሴት የት አገር ታይታለች?

በሩን ቆልፎ ተከተላት። ዕድሜውን ረስቶ በየግንቡ ጥግ እየተለጠፈ ሄደ። ሴትየዋ ገበያውን አቋርጣ ታጠፈች፣ ፋርማሲውን አለፈች፣ አንድ ፀጉር ቤት ገባች። ጋሽ ጠርጥር ቀጥ አለ። ፀጉር ቤቱ የልጁ ነው።

በመስታወቱ ተጠግቶ አየ። ሴትየዋ አልበሙን ለልጁ ሰጠቻት። ልጁ ተቀብላ፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ ይዛ፣ ፎጣ የሚቀመጥበትን ቁም ሳጥን ከፍታ ወረወረችው። ሴትየዋም ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

በሩን በርግዶ ገባ። ማንንም ሰላም ሳይል ቁም ሳጥኑን ከፈተው። ከፎጣዎቹ በስተኋላ አልበሞቹ ከነላስቲካቸው እስከ ላይ ተከምረዋል። አንዱን ገለበጠ፤ አረንጓዴ። ሌላውን ገለበጠ፤ አረንጓዴ። ሁሉም አረንጓዴ ነው።

«ስንት ከፈሉሽ?» አላት።

ልጁ ዞር አለች። «አባዬ...»

«ስንት ከፈሉሽ ነው የምልሽ! እነዚያ የዘፋኟ ሰዎች። አባትሽን መሳቂያ ለማድረግ ስንት ከፈሉሽ?»

ባለ ቢጉዲኗ ሴት አንገቷን ደፋች። ልጁ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«የከፈለኝ የለም» አለች። «የከፈልኩት እኔ ነኝ።»

ያን ዕለት ጋሽ ጠርጥር ሰው የነገረውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያው አመነ። ባዶ ወንበር አግኝቶ ተቀመጠ።

«ለምን?»

«እማዬ ከሞተች በኋላ እኛ ቤት እየመጣህ ትበላለህ፣ ሳትናገር ትሄዳለህ። አንድ ቀን "ዛሬ ማንም አልገባም" አልከኝ። ብትቆጣ ኖሮ ምንም አልነበረም። ሳትቆጣ ነው ያልከው። እኔ ያንተን አለመቆጣት አልችለውም።» እንባዋ መጣ፤ በፎጣ ጠረገችው። «በማግሥቱ ይቺን አዲሷን ረዳቴን፣ አንተ የማታውቃትን፣ ላክኋት። ያን ቀን ማታ ልጅቷ እንዴት እንደገባች፣ ምን እንዳለችህ፣ ደጋግመህ አጫወትከኝ። ወጥ ጨምሪልኝ ሁሉ አልክ። ታዲያ እንዴት ላቁም?»

ጋሽ ጠርጥር መሬት መሬት አየ። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን እሺ አላለውም። ሲጨንቀው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጥያቄ ጀመረ።

«እሺ፣ ቀንስልኝ በሉት ብለሽ አትነግሪያቸውም ነበር? እሱ ነው እኮ ያነቃኝ።»

«ብትቀንስላቸውስ? ትርፍህ ይቀንስ የለ!»

አንደኛዋ ደንበኛ ሳታስበው ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። እሱ አልሳቀም። ሰኞ ሊፈርም እንደነበር፣ ያስቀመጣትን ሁሉ ሊከፍል እንደነበር፣ ሌላ ሦስት ካርቶን እንዳዘዘ በዝቅተኛ ድምፅ ነገራት። ልጁ ፎጣውን ጣለች።

«ምን? ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

እሷ ልትደግፈው ብላ ገደል አፋፍ አድርሳዋለች፤ ደግሞ እሱ ባዘዘ ቁጥር እሷ ስትገዛ፣ እሷ በገዛች ቁጥር እሱ ሲያዝ ከርመዋል። አከፋፋዩ ብቻ ነው የበላው።

ጋሽ ጠርጥር ጉሮሮውን ጠረገ። ይህን ለመጠየቅ ሐኪም ፊት ከመቀመጥ በላይ ፈራ።

«ገዢዎቼ ሁሉም ያንቺ ነበሩ?»

«ኧረ ሁሉም አይደሉም!» አለች ቶሎ ብላ።

«ያንቺ ያልሆነው የቱ ነው?»

አሰበች። ማሰቧ ረዘመ። ረዳቷን አየች፤ ረዳቷ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያ... መነጽር ያደረገው ሰውዬ» አለች። «እሱን አላውቀውም። እሱ ራሱ ፈልጎ ነው የመጣው።»

ጋሽ ጠርጥር የገዢዎቹን ፊት አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ እንቅልፍ አጥቶ ሲመረምራቸው ነው የሰነበተው። መነጽር ያደረገ ሰው አልነበረም። ልጁን አየት አደረጋት። ልጅ ሆና ስትዋሽ እንደምታደርገው የጆሮዋን ጫፍ ይዛለች።

«አዎ፣ እሱ» አላት። «ጥሩ ሰው ነው። ሙዚቃ የሚያውቅ።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ለቤቱ ባለቤት ደወለ።

«እትዬ፣ ሰኞ እንዳይጠብቁኝ። ቁልፉን አስረክባለሁ።»

«ምነው?» አለች ሴትየዋ። «ገበያው ደርቷል አላልከኝም እንዴ?»

«ደርቶልኛል» አለ ጋሽ ጠርጥር። «ገዢዬ ግን አንዲት ሰው ብቻ ናት። እሷን ከዚህ በላይ ማክሰር አልፈልግም።»