በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ

ፀዳለ ከገረሴ ከተማ በላይ ባለች አንዲት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አምና ዝናቡ የቀረ ጊዜ ለሥልጠና አርባ ምንጭ ወርዳ ነበር። አሠልጣኙ አስቀድሞ የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ በሽንኩርትና በዘይት አቁላልቶ አድቅቆ ሁሉንም አቃመሳቸው።

«የሜክሲኮ ሰዎች ይኼን ከበቆሎ ቂጣ ጋር ነው የሚበሉት። ሁለቱ ሲገናኙ ሥጋ ይተካሉ» አላቸው።

ፀዳለ «ፕሮቲን፣ አይረን» እያለች ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቦሎቄና በቆሎ አገሯ ስላሉ ደስ አላት።

ስትመለስ የቀበሌዋን ገበሬ የኤርጫፎንና የሚስቱን የሳባን ልጅ የፀደይን ክንድ ለካች። ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው። መለኪያው የከፋ የምግብ እጥረት የሚያሳየው ቀዩ ላይ ቆመ።

«ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።»

«ወስደናት ነበር፣ ሲስተር። ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ምግብ አልቋል አሉን» አለች ሳባ።

«እንግዲያው እስኪመጣ ቦሎቄ ቀቅለሽ፣ አድቅቀሽ አብያት። ከሥጋ አያንስም።»

ሳባ ለዘር ካስቀመጠችው ቀይ ቦሎቄ ላይ ዘገነች። እንጨት ስላልነበራት በጭራሮ ለብ ለብ አደረገችው። ለስለስ ሲልላት የበሰለ መሰላት። ፀደይ ጣማት፤ ድገሚኝ አለች።

ከሰዓት በኋላ ያስታውካት ጀመር፤ ተቅማጡም ተከተለ። ኤርጫፎ አዝሏት ወደ ገረሴ ሮጠ። ሳይደርስ ጀርባው ላይ ሞተች።

ሰው ሁሉ ምች ነው አለ። ፀዳለ ግን አላስቻላትም፤ የጤና ጣቢያውን የጤና መኮንን ጠየቀችው።

«ቀይ ቦሎቄ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ ካልተንተከተከ ይመርዛል» አላት። «እንደሷ የተጎዳ ልጅ ደግሞ አይችለውም።»

ደብተሯን ገልጣ አየች። ስለ አበሳሰሉ አንድም ቃል የለም። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። በማግስቱ ወደ ኤርጫፎና ሳባ ቤት ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እኔ ነኝ የገደልኳት?» አለች ሳባ።

«አይደለሽም። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

«ወዳው ነበር እኮ የበላችው» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ኤርጫፎ ተነሣና በሩን ከፈተላት።

«እውነቱን ስለነገርሽን እግዜር ይስጥልን» አለ። «ከእንግዲህ ግን እዚህ ቤት አትምጪ።»

ፀዳለ ዛሬም እዚያው ትሠራለች። ለሴቶቹ ስታስተምር እንጨት ራሷ ተሸክማ ትመጣለች፤ ቦሎቄው ተንተክትኮ እስኪበስል አብራቸው ትቀመጣለች። የሚመጡት ከድሮው ግማሽ አይሞሉም። ሳባ በገበያ ቀን ከሩቅ ካየቻት መንገድ ትቀይራለች።