አባቴ የመረጡልኝ ባለሁለት ወንበር መኪና

መኪና ለመግዛት የወሰንኩት ሚኒባስ ውስጥ አንድ በግ እግሬ ላይ በተኛ ዕለት ነው። በጉ ጥፋት አልነበረበትም፤ ቦታ አጥቶ ነው። እኔ የምኖረው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው፤ ፊዚክስ የማስተምረው ግን የቡ የምትባል ከተማ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ከሰዓት በሚኒባስ ስመለስ፣ የሰው ክርን ጎኔን ሲወጋኝ፣ የቡና ጆንያ ጉልበቴን ሲጫነኝ ችዬ ኖሬያለሁ። ያ በግ ግን ከጅማ እስከ የቡ ለጥ ብሎ ተኝቶ፣ ስወርድ ደግሞ ቅር ብሎት ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ "በቃ!" አልኩ።

ቤት እንደገባሁ የምፈልጋትን መኪና ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከመሬት ከፍ ያለች፣ አምስት ሰው የምትይዝ፣ ጭቃ የማትፈራ፣ መለዋወጫዋ እዚሁ ጅማ የሚገኝ። ከዚያ አባባን እንዲመርጡልኝ ለመንኳቸው። አባባ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ከሊሙ ገነትና ከአጋሮ ቡና እየጫኑ አዲስ አበባ አድርሰዋል። መኪና ከሳቸው የሚደብቀው በሽታ የለም። እሳቸው አብረውኝ ካሉ ሞኝነት አልሠራም ብዬ ነበር።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን አንዲት ነጭ መኪና ነበረች፤ ደብተሬ ላይ የተጻፈውን ሁሉ የምታሟላ። አባባ ሞተሯን አስነስተው፣ ኮፈኗን አስከፍተው፣ የከዘራቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደላላው ትንፋሹን ዋጠ።

"ደህና ናት" አሉ ቀና ብለው።

"ታዲያ እንግዛት?"

"ደህና ናት አልኩ እንጂ ግዢ አልኩሽ? ይቺ መኪና በዕድሜዋ አንድም ጥፋት አላጠፋችም። አንድም ነገር አላደረገችም ማለት ነው።"

ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም እንዲህ ባለ ነገር መለሷት። ደላላው ተስፋ ቆርጦ፣ "አንድ የቡና ነጋዴ ግቢ አንዲት ቀይ አለች፤ ግን ለእናንተ አትሆንም" አለ። ለአባባ "አትሆንም" ማለት ግብዣ ነው። ባጃጅ ውስጥ ከእኔ ቀድመው ገቡ።

ነጋዴው ግቢ እርጥብ ቡና ሸራ ላይ ተሰጥቷል። ከቡናው ጀርባ፣ መጋዘኑ ጥግ፣ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ቆማለች። በሯ ሁለት፣ ወንበሯ ሁለት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ጨርቅ። ኮፈኗ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም። ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።

ነጋዴው ግዙፍ ሰው ናቸው። እንግዳ ተቀባይ ነበሩና ምንም ሳይደብቁ ነገሩን። "የወንድሜ ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ ጥሎልኝ ሄደ። አንድ ቀን ገባሁባት። መግባቱ ቀላል ነው፤ ሰው ጉድጓድ ውስጥም ሲወድቅ መግባቱ ቀላል ነው። መውጣቱ ግን... ዋላሂ፣ አራት ጆንያ ተሸካሚዎች ናቸው ያወጡኝ። ሁለቱ በእጄ፣ ሁለቱ በእግሬ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። የሆንኩት እኔ ነኝ።"

አባባ ሞተሯን በከዘራቸው አዳመጡ። ቀስ ብለው፣ መጀመሪያ አንድ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ በመጨረሻ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ከመሪው ጀርባ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት መስታወቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

"አባባ፣ ደህና ነዎት?" አልኳቸው ጎንበስ ብዬ።

"ኢንታላ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ደስ ሲላቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። "ሠላሳ አራት ዓመት ሰውን ያየሁት ከላይ ነው። አናት፣ ጃንጥላ፣ ኮፍያ። አሁን ፊት ለፊቴ ያለው የሰው ጉልበት ነው። ሰው ለካ ይሄን ያህል ረጅም ነው!"

መንዳት ፈለጉ። የነጋዴው ባለቤት ግን ከቤት ወጥተው፣ "ዶሮዋ ከታቀፈች አራት ቀኗ ነው፤ ማንም እንዳያስነሳት!" አሉ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ዶሮዋ ሳትነካ፣ እንደተቀመጠች እንድትሄድ ተስማማን። የእኔ ወንበር በዶሮ ስለተያዘ እኔ ቀረሁ። የምገዛትን መኪና አባቴና አንዲት ዶሮ ሊሞክሯት ከግቢው ሲወጡ፣ ከነጋዴው ጋር በር ላይ ቆሜ አየሁ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። አባባ ወጥተው ወደኔ ሳይሆን ወደ ነጋዴው ባለቤት ሄዱ። "እንቁላሎቹን ይቁጠሩ።" ሴትዮዋ ቆጠሩ። አንድም አልተሰበረም። "በባጃጅ ተራው በኩል ነው የዞርኩት፤ ጉድጓድ ያለው እዚያ ነው" አሉኝ አባባ። "ከዚህ በላይ ምን ፍተሻ ትፈልጊያለሽ?"

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ሙከራ ላይ የምቃወምበት ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁ። "አባባ፣ ሁለት ወንበር ብቻ እኮ ነው ያላት" አልኩ።

"እሱ ነው ጥቅሟ። በግ አይገባባትም።"

"ዶሮ ገብቷል እኮ!"

"ዶሮ ሌላ ነገር ነው" አሉ።

ሁሉን ነገር በአባባ ላይ ብጭን ግን ውሸታም እሆናለሁ። የዚያን ዕለት እኔም በሹፌሩ ወንበር ተቀምጬ መሪዋን ያዝኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ሕይወቴን ሙሉ ለደብተር የሚመች ነገር ብቻ ስመርጥ ኖሬያለሁ። ዶሮዋ በጎን ዓይኗ አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ "እወስዳታለሁ" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ርክክቡ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ተላለፈ። አባባ በየሦስት ቀኑ እየሄዱ የእንቁላሎቹን ጤንነት ይጠይቁ ነበር።

እንግዲህ በስፖርት መኪና ወደ የቡ መመላለስ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ችግር የጭነት መኪና ሹፌሮች እንዳላዩኝ ማለፋቸው ነው። አንዱ አጠገቤ ቆሞ፣ ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ጥላው እላዬ ላይ እንደወደቀ፣ ምሳው ምን እንደሆነ ለረዳቱ ሲነግረው ሰምቻለሁ። አባባ ይህን ስነግራቸው ደነገጡ። በማግስቱ ከኋላ ረጅም ቀርከሃ አቁመው፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ጨርቅ አሰሩበት። "አሁን ዕውርም ያይሻል" አሉ።

እውነትም ሰው ማየት ጀመረ። ያየው ግን ሌላ ነገር ነበር። የቡ መግቢያ ላይ ሦስት እናቶች ሕፃናት አዝለው መንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሱልኝ። ቆምኩ።

"ክትባቱ ዛሬ ነው?" አለች አንዷ።

"የምን ክትባት?"

"የባንዲራው ነዋ! የክትባት ባንዲራ ይዛችሁ መጥታችሁ ደግሞ የምን ትላለች!"

አስተማሪ ነኝ ብዬ ባስረዳም አላመኑኝም። በመጨረሻ የአንዱን ሕፃን ሙቀት በእጄ ለክቼ፣ ደህና ነው ብዬ ነው የተላቀቅነው። ዝናቡ ሲጀምር ጭቃው ውስጥ በሳምንት አንዴ እሰምጣለሁ። ለዚህ ግን መላ አላስፈለገም። ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች መጥተው፣ ሳይጠየቁ፣ እኔ ውስጧ እያለሁ አንስተው ደረቅ መሬት ላይ ያስቀምጡኛል። ወሬያቸውንም አያቋርጡም።

እናቴ ብቻ ናት መኪናዋን ያልተቀበለችው። አንድ ቀን እንኳ አልገባችባትም። "በሕይወት እያለሁ መሬት ላይ ተጋድሜ አልሄድም። ለሱ ጊዜ አለው" ትላለች።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ ሠርግ ነው። ባዮሎጂ የሚያስተምር ባልደረባዬ ከሊሙ ገነት ልጅ አጨ። ሙሽሪት ቀይዋን መኪና አይታ፣ ከሷ ሌላ አልገባም አለች። እኔም አባባም እሺ አልን። በሠርጉ ቀን አባባ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ መኪናዋን በአበባ አሸብርቀው፣ ሙሽራውን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ሊሙ ገነት ነዱ። እኔ ከአጃቢው ጋር በሚኒባስ ተከተልኩ። እዚያ እስክንደርስ ድረስ፣ ከመካከላችን የሒሳብ አስተማሪም ጭምር እያለ፣ አንድም ሰው ወንበር አልቆጠረም።

ሙሽሪት በእልልታ ወጣች። ቬሎዋን ሰብስበው አስገቧት። በሩ ተዘጋ። ሙሽራው በዚህ ዞረ፣ በዚያ ዞረ፣ ቆመ።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። አንዱ "ሙሽራው ይንዳ" አሉ፤ መንዳት አይችልም። ሌላው "ሙሽሪት ትንዳ" አሉ፤ መንጃ ፈቃድ አላት፣ ግን ቬሎው መሪውን ውጦታል። አንድ ሽማግሌ "ጭኑ ላይ..." ብለው ሲጀምሩ የሙሽሪት አጎት ዓይን ዓይናቸውን አየ፤ ሽማግሌው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ጅማ ድግስ ይጠብቃል፤ ፀሐዩም ከረረ። በመጨረሻ ሙሽራው ራሱ፣ "እሷ ትሂድ፤ እኔ ሙዚቃዋ ላይ እወጣለሁ" አለ። ሙዚቃዋ ማለቱ ከፊት የምትሄደውን፣ ድምፅ ማጉያ የጫነችውን ፒካፕ ነው።

እንዲህ ሆኖ ተነሳን። ከፊት ሙሽራው በሁለት ድምፅ ማጉያ መሀል ክራቫቱን ይዞ ቆሟል። ከኋላው አባቴና ሙሽሪት። በየከተማው ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ "ማሻአላህ! አላህ ያዛልቃችሁ!" ይላል። አባባ መጀመሪያ ላይ "ኧረ እኔ ሹፌሩ ነኝ!" ይሉ ነበር። ከሦስተኛው ከተማ በኋላ ግን ደከማቸውና "አሚን" ማለት ጀመሩ። ጅማ ስንደርስ ሙሽራው አቧራ ለብሷል፤ ጆሮውም አይሰማም፤ የተባለውን ሁሉ "አመሰግናለሁ" ብሎ ይመልሳል። ቪዲዮ አንሺው የቀረፀው በሙሉ አባባንና ሙሽሪትን ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። አራት ሰው ደውሎላት ነበር።

"እንኳን ደስ ያለህ!" አለቻቸው።

"ኧረ ተይ እንጂ። ወንበር ጠፍቶ ነው" አሉ አባባ።

"ወንበር!" አለች። "እኔን ስትወስደኝ በምን ነበር? በጭነት መኪና። እናትህን ጋቢና ውስጥ አስቀምጠህ፣ እኔን በሙሽርነቴ ጆንያ ላይ! ሦስት ቀን ቡና ቡና ስሸት ነበር። አበባ አስረህልኝ ታውቃለህ?"

አባባ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ሄደው የመኪናዋን በር ከፈቱላት። አበባው ገና አልተፈታም። እናቴ እኔን አየች፣ ጎረቤቶችን አየች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ አለች። አንድ ጊዜ ጣሪያው ጭንቅላቷን መታት፤ ግን ገባች። ጅማን ሁለት ጊዜ ዞሯት። አባባ በየመታጠፊያው ክላክስ ያደርጉ ነበር፤ እኛ ቤት ሆነን እንሰማቸዋለን። ሲመለሱ ለማውጣት እኔ አንድ እጇን፣ ጎረቤታችን ሌላውን ይዘን ጎተትን። እየሳቀች ስለነበር አልወጣ ብላ ብዙ ጊዜ ፈጀች።

ከዚያ በኋላ መኪናዬን ያገኘሁት አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ወሰዷት። ቀጥሎ ቅዳሜን ጨመሩ። ከዚያ ጠዋት ቁልፉን ስፈልግ፣ "ዛሬ አጋሮ የዘመድ ዚያራ አለብን፤ አንቺ በሚኒባስ ብትሄጂስ?" ይሉኝ ጀመር። ጃንጥላዬን ይዤ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን ዝናቡ ሲጥል ዋለ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ልብሴን ሳደርቅ እነሱ ከአጋሮ መጡ። ጣሪያዋ በእናቴ በኩል ያፈሳል፤ ቀኝ ትከሻዋ ሙሉ ርሷል። ተቀምጣ የመንገዱን ነገር አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ያንን ሁሉ ዓመት በወሬ ብቻ የምታውቀውን መንገድ። አባባ ሻይ የሚጠጡበትን ቤት፣ ጭቃ የያዛቸውን ቁልቁለት፣ ሁሉን አሳይተዋታል።

"አንዲት ትልቅ ዋርካ አለች" አለች። "አባትሽ አንዴ ሁለት ቀን ዘግይቶ የመጣ ጊዜ፣ ጎማ ፈንድቶበት ያደረው እሷ ሥር ነው። ያን ጊዜ እኮ አንቺ ገና ሆዴ ውስጥ ነበርሽ።"

"እና?"

"እናማ እኔ እስከ ዛሬ ያዘገየችው ሴት ናት ብዬ ነበር" አለች። ነጠላዋን ጨመቀች። "ለካ ጎማ ነው።"