የጋሽ ይበልጣል ጉንጭ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ሰላምን ተከትዬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የውበት ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ለሠርጓ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ «ጉንጬ ከሳ» ብላ ፊለር የሚሉትን መሙያ መርፌ ልትወጋ ነው። ሐኪሟ ጣቷን እያጠፈች አስረዳችን። ከንፈር ላይ የሚወጋው፣ ከንፈር ዕረፍት ስለሌለው፣ ስድስት ወር ገደማ ይቆያል። ጉንጭ ላይ የሚገባው ጠንከር ያለው ዓመትም፣ ዓመት ተኩልም ይሄዳል። ቀስ በቀስ የራስን ቆዳ የሚያስሞላ ደግሞ አለ፤ እሱ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሰላም በክርኗ ጎሸመችኝ። ምን ላድርግ! ይህንን ትምህርት እኮ ቢቸና ላይ በሰዓት እየለካሁ አጥንቼዋለሁ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ጤና ረዳት ሆኜ ቢቸና ተመደብኩና ጋሽ ይበልጣል ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጋሽ ይበልጣል ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏል። ደግና ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ብቻ የገበያ ጥርስ ነቃይ መንጋጋቸውን በየተራ ለቅሞ ጨርሶባቸው ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

አንድ ቀን የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አሉኝ። «ሞጣ ያለችውን ባንቺአየሁን ላገባት አስቤያለሁ። ጠጅ ጣይ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆየ። እኔን ያየችኝ ግን የዛሬ አሥር ዓመት፣ አፌ ሙሉ ሳለ ነው። እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ‹ሽማግሌ ላክ ቢሉት ሽማግሌው ራሱ መጣ› ብላ ትስቅብኛለች።»

እሳቸው ሳቅ አሉ፤ እኔ ግን አንጀቴን በሉት።

ከጤና ጣቢያው ጥጥ አመጣሁ። ግራና ቀኝ ጠቀጠቅንና የልብ ምት የምቆጥርበትን ሰዓቴን ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ! ምራቅ ጠጥቶ ሟሸሸ። ቀጥለን ዳቦ ሞከርን። ዳቦ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ገበያ ሳንደርስ ዋጡት። «ራበኛ! ምን ላርግ?» አሉ። በመጨረሻ ሰም መጣ። ጧት በመዳፌ አሙቄ፣ ድቡልቡል አድርጌ፣ በድድና በጉንጫቸው መሃል ሸጎጥኩላቸው። እስከ ማታ ንቅንቅ አላለም። መስታወት ፊት ቆመው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሲዳብሱ ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ በአውቶቡስ ሞጣ ሄድን። «ቢወልቅብኝ ማን ይመልስልኛል?» ብለው እኔንም አስከተሉኝ። ሽማግሌያችን መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ ስለ ሰሙ የሚያውቁት ነገር የለም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ በየአውድማው ጤፍ ይወቃል፣ ገለባው ከአቧራው ጋር በመስኮት ይገባል። ደብረ ወርቅ ላይ ወርደን ሻይና ፓስቲ ስናዝ ጋሽ ይበልጣል ትኩሱ ሻይ ሰሙን እንዳያቀልጥባቸው ፈርተው፣ «እኔ ጾም ነኝ» አሉ።

«ቅዳሜን የሚጾም ደግሞ ከየት መጣ? ሥርዓት አታፍርስ!» አሏቸው መሪጌታ። ግማሹን መንገድ ሲቆጧቸው ሄዱ።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደልደል ያሉ፣ ከዓይናቸው ነገር የማያመልጥ ሴት ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡን። መሪጌታ ተነሡና ንግግራቸውን ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ገና ኖኅ ጋ ሳይደርሱ የሚንተከተክ ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ ባለቤቲቱም ጠቅልለው ለጋሽ ይበልጣል ጉርሻ ዘረጉ። ያን የሚያህል ጉርሻ! እምቢ አይባል ነገር። ጎረሱ።

አንዴ አላመጡ፤ ሁለቴ አላመጡ። የግራ ጉንጫቸው እልም አለ፤ የቀኙ እንደ ሞላ ነው።

መሪጌታ ንግግራቸውን አቋረጡ። «አንተ! ፊትህን ምን ነካህ?»

«አበ... አበጠብኝ» አሉ ጋሽ ይበልጣል በሞላ አፋቸው።

«የቱ ነው ያበጠው? ያኛው አይደል እንዴ የጎደለው? ይች ልጅ ሐኪም አይደለችም? ተነሽ እዪው እንጂ!»

ተነሥቼ ቀረብኳቸው። ጋሽ ይበልጣል ቀና ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ዶሮውንም ሰሙንም አንድ ላይ መዳፋቸው ላይ ተፉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጎንበስ ብለው አዩ። «ሰም ነው» አሉ። «ያውም በደንብ ያልተጣራ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

«ለመሆኑ እስከ መቼ ሊይዙት ነበር?»

«እስኪለምዱኝ ድረስ።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጓዳ ገብተው ማስታጠቢያ ይዘው ወጡ፤ ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ራሳቸው ውኃ አፈሰሱላቸው። «በሉ የቀረውንም ይትፉትና ያውሩኝ። ከመጡ ጀምሮ የሚሉት አንድም ቃል አልተሰማኝ።»

አወሩ። እንዲያ ሲያወሩ ሰምቼያቸው አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሙሽራ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ማታ ባዶ ቤት መግባት እንዴት እንደሚከብድ ነገሯቸው። የመሪጌታ ንግግር ኖኅ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ፤ ጋሽ ይበልጣልም ሞጣ ገብተው ኖሩ።

ይህንን ሁሉ ለሰላም ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀምጠን አወራኋት። እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ «አክስቴ፣ እሱ ካልለመደኝስ?» አለችኝ።

ለካ ልጄን የበላት ይህ ኖሯል! እኔ ደግሞ የጉንጭ ነገር መስሎኝ። ያረጀ ሰው የሚያውቀው ቢኖር ሰው ሲበላና ሲያዳምጥ ማየት ነው።

«ለእጮኛሽ ደውይለትና ምሳ ይጋብዘን» አልኳት። «ስታወሪ ፊትሽን ብቻ ያይ እንደሆነ፣ ያዳምጥሽም እንደሆነ፣ እኔ አይቼ እነግርሻለሁ።»

ሐኪሟ መጥታ «ወሰናችሁ? የትኛው ይሁን?» አለችን።

«ከምሳ በኋላ» አለቻት ሰላም፣ ስልኳን እያወጣች።