ታንጉት እንዳትገባ የተገዙት የልጅ መቀመጫዎች

ከጎንደር ወደ ዳባት የተነሣሁት ክርስትና ለማንሣት ነው። የሟቹ ባሌ የወንድሙ ልጅ ሴት ልጅ ወልዶ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል፤ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምጽፈው የክርስትና እናቷ ታንጉት ናት እያለ የሚያወራ ሰው ስላለ ነው። የሚያወራውም ሰው ራሷ ታንጉት ናት። ታንጉት የባሌ እህት ናት። ከቅዳሴው በፊት ካልደረስኩ ሕፃኗን ከካህኑ እጅ የምትቀበለው እሷ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ታንጉት ብዙ አልናገርም። አንዱን ብቻ ልበል። በሠርጌ መልስ ዕለት የሠራሁትን ዶሮ ወጥ በአማቾቼ ፊት በጭልፋ እያገላበጠች ቆጥራ፣ "አንድ ብልት ጎድሏል" ያለችው እሷ ናት። የጎደለው ብልት በማን ሆድ እንደገባ አውቃለሁ። ለጊዜው ይቆይ።

የሚወስደን ልጄ ዳዊት ነው፣ በትንሿ ማኪናው። ልጆቹን፣ የስድስት ዓመቷን ሜላትንና የሦስት ዓመቱን ናሆምን ልውሰድ ብል እናታቸው ፍቅርተ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ነርስ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ናት። እያንዳንዱ ልጅ ለራሱ በሚሆን የልጅ መቀመጫ ታስሮ ካልሆነ ከበር አይወጣም አለች። እኔ አራት ልጅ በጭኔ አሳድጌ ይህን መስማቴ አናደደኝ። ኋላ ግን ታንጉት ከኛው ጋር ለመሄድ ማሰቧን አስታወስኩና የማኪናውን የኋላ ወንበር በመቀነቴ ለካሁት። የታንጉትን ስፋት ደግሞ በዓይኔ ለክቼ ካስቀመጥኩት ቆይቷል። በዚያች ሰዓት ነው የልጅ መቀመጫ ጥቅሙ የገባኝ።

ዓርብ፣ ፒያሳ

መቀመጫ የሚሸጥ ሱቅ አንድ ብቻ አገኘሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ የልጆቹን ዕድሜ ጠየቀኝ። ለሜላት ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ፣ በማኪናው በራሱ ቀበቶ የሚታሰር አወጣ። ለናሆም ግን የራሱ ማሰሪያ በሁለት ትከሻው የሚወርድ፣ ጠበብ ያለ መቀመጫ አሳየኝ። በሁለቱ መካከል ምን ያህል ቦታ እንደሚተርፍ አሰብኩ። ታንጉት ጎኗን አጣማ ትገባበታለች።

"ለሱም እንደ እህቱ ያለውን ስጠኝ፤ ሰፊውን" አልኩት።

"እሱ ለትልልቅ ልጆች ነው እማማ።"

"ይኼስ ልጅ አያድግም?"

ሰፊውን አወረደልኝ። በዚህ ከተማ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው የለም። ሁላችንም ለአዲስ ዓመት በተገዛልን ሰፊ ጫማ አፍንጫ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀን ያደግን ነን። ዋጋውን አልጠቅስም፤ ከአንድ ሙክት ይበልጣል።

ቅዳሜ፣ ቀትር

ዳዊት ከሥራ እንደወጣ ልጆቹን አሰርን። የናሆም ቀበቶ አንገቱ ላይ አረፈ። ዳዊት ቅር አለው፤ እኔ ነጠላዬን አጥፌ ከቀበቶው ሥር አደረግሁና ያድግበታል አልኩ።

ታንጉት ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች።

"ምነው፣ ለኔ ቦታ የለም?"

"ምን ላድርግ ታንጉትዬ። ዘመኑ የሕፃናት ነው።"

በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል እጇን አስገብታ አየች። ከአንጓዋ አላለፈም። ፊቴን ሐዘን አልብሼ ሸኘኋት፤ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ከወለቃ እስከ ዳገቱ ድረስ እንደዚያ ቀን የገብሱ ማሳ አምሮ ታይቶኝ አያውቅም።

ኮሶዬ

ዳገቱን ስንጨርስ ሜላት፣ "አባዬ፣ ናሆም ቆሟል" አለች። ዞር ስል እውነትም ቀበቶውን ከጀርባው አሳልፎ፣ መቀመጫው ላይ ቆሞ በኋላው መስታወት ይመለከታል። ዳዊት ኮሶዬ ምግብ ቤቶቹ ጋ አቆመ። መልሰን አሰርነው። ዳዊት ጎበዝ፣ ፎቶ አንሥቶ ለሚስቱ ላከላት። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

ፍቅርተ አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ መመለስ አውቅበታለሁ። ቀበቶው አንገቱን ይዞታል፣ ማኪናው ወደፊትም ወደኋላም እንዳይነቃነቅ አለች። ስልኩን ተቀብዬ፣ ልጁን በጭኔ ይዤው እንደምሄድ ነገርኳት።

"እትዬ፣ እዚህ ድንገተኛ ክፍል የምንቀበለው እኮ በጭን የተያዙትን ነው" አለችኝ።

ስልኩን ለዳዊት መለስኩ።

ፍቅርተ መላ እስክትፈልግ ተቀምጠን ጠበቅን። ድንች በአዋዜ በላን። ነፋሱ ከገደሉ ሥር ጉሙን እየገፋ ያመጣል። ባለቤቲቱ ናሆምን አይታ፣ "ሸጋ ልጅ! ምነው አቅፋችሁት አትሄዱም?" አለች፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ነገር ሳልስማማ ቀረሁ፤ አልነገርኳትም እንጂ። ብቻዬን ልሂድ ብዬ እጄን የዘረጋሁላቸው ሚኒባሶች ሁሉ ሞልተው አለፉ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ከመሸ የሚያልፍ ማኪና የለም። ሕፃኗን ታንጉት ታቅፋ፣ በቀኟ በግራዋ እልል ሲባልላት ታየኝ።

አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ታንጉት ወረደች። ደረቷ ላይ ያቀፈችው ያንን ጠባብ መቀመጫ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የታንጉት ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ መናኸሪያ ቆሞ ኖሯል። ፍቅርተ ተራዋን ለባልደረባዋ አደራ ብላ፣ መቀመጫውን ገዝታ እየሮጠች ደርሳ አስይዛታለች።

"ረዳቱ ለመቀመጫው የሰው ሂሳብ አስከፈለኝ" አለች ታንጉት። "መንገዱን ሙሉ እንደተከራከርን ነው። እናንተስ፣ እኔን ለማስቀረት ልጁን ማነቅ ነበረባችሁ?"

ዳዊት ሳቀ። እኔ ጉሙን አየሁ።

አዲሱ መቀመጫ ታሰረ። ናሆም በዚህ በኩል ሞከረ፣ በዚያ በኩል ሞከረ፤ ማምለጫ ሲያጣ አለቀሰ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የልጅ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ያንን ሰፊውን ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ጫንነው፤ በሁለቱ ልጆች መካከልም ክፍት ቦታ ታየ። ሁላችንም አየነው። የሚኒባሱ ረዳት፣ "እማማ፣ እንሂድ!" እያለ ይጣራል። ታንጉት ቆማ እኔን ታየኛለች። ብትሄድ ቀድማን ዳባት ትገባለች፤ ግን ይህን አስቤ ነው ብዬ አልዋሽም።

"ግቢ" አልኳት።

"ይጠበኛል።"

"ጎንሽን አጣሚው።"

ገባች። ቀበቶውን ሜላት ጎትታ አሰረችላት፤ በጭንቅ ደረሰ።

ዳባትና መመለሻ

እሑድ ጠዋት ሕፃኗን ከካህኑ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ይመዝገብልኝ። ታንጉት ግን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ግብዣው ድረስ ከወሬዋ አላረፈችም። ወሬው ሲጀመር መቀመጫ አቀበለች፤ ጠላው ሲዞር ናሆምን ከማኪና አወጣችው፤ ወጡ ሲቀርብ ከኮሶዬ ገደል አወጣችው። እንግዶቹ እጇን ሳሙ።

ጎንደር ስንገባ ፍቅርተ በሩ ላይ ጠበቀችን። በናሆም ማሰሪያ ሥር ጣቷን አስገብታ መረመረች። የሜላትን ልክ ነው አለች። ከዚያ ለናሆም ሰፊውን ለምን እንደመረጥኩ በቀስታ ጠየቀችኝ።

"እንዲያድግበት።"

በዚህ መካከል ታንጉት አንድ ዳሌዋን አስቀድማ፣ ሌላውን እየጎተተች ከመሐል ትወጣለች። ፍቅርተ እሷን አየች፤ እኔን አየች። ይህች ልጅ ነገር ይገባታል፤ ከእንግዲህ እጠነቀቃታለሁ።

ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው። የልጅ መቀመጫ የሚገዛው ለነገው ቁመቱ ሳይሆን ለዛሬው አካሉ ነው፤ ቀበቶውም ትከሻ ላይ እንጂ አንገት ላይ አያርፍም። ዘመድ ማስቀረት የፈለገ ሰው ልጆቹን አይንካ፤ ከነጭራሹ ከዚህ ያነሰ ማኪና ይፈልግ። እኔም ዳዊትን እየጠየቅሁት ነው።