የቮልሷ ብሎኖች

ባለፈው ሳምንት ከታላቅ ወንድሜ ከኑረዲን ጋር ለዘመድ ለቅሶ ወደ አሰንዳቦ ስንሄድ ሚኒባሱ ሰርቦ ላይ ተበላሸና ሹፌሩ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ብሎን በናፍጣ ማጠብ ጀመረ። ሽታው ስልሳ ዓመት የሞላኝን ሴትዮ ከነሻሼ አንስቶ ጅማ፣ የአባታችን ብየዳ ቤት ውስጥ ጣለኝ። ኑረዲንም ሸተተው መሰለኝ፣ ሳቀ። ያሳቀውን ነገር እነግራችኋለሁ፤ እኔን እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው።

አባ በርና መስኮት እየበየደ ነው ያሳደገን። አንድ ቀን መኪና በእጄ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ሰፈሩ ሲስቅበት እሱ ከሊሙ ገነት አንዲት የሞተች ቮልስ አስጭኖ አመጣና ሞተሯንና እግሯን ወስጄ አካሏን ከላሜራ አወጣዋለሁ አለ። ያቺን ቮልስ ማን ፈታት? እኔ ነኛ! እጄ ቀጭን ስለነበር የአባ ጣት የማይደርስበት ስርቻ ሁሉ ይገባል፤ መፍቻ ይዤ ከሆዷ ስር እንጋለላለሁ፣ ዝገቱ ፊቴ ላይ ይረግፋል፣ አባ ከላይ ሆኖ «ሱታ፣ ሱታ» እያለ ቀስ እንድል ይለምነኛል። የፈታሁትን ብሎን በናፍጣ አጥቤ የግራውን ከቀኙ ሳላደባልቅ ለየብቻ እቋጥረዋለሁ። መቋጠሪያዬ የእናቴ አሮጌ ቀይ ሻሽ ብጫቂ ነበርና ቀይ ቋጠሮ ያየ ሁሉ የኔ መሆኑን ያውቃል። በዕድሜዬ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለኝም።

የቡና ጊዜ ደረሰና ከነገለባው የደረቀው የጓሯችን ቡና ወደ መፈልፈያ ሊሄድ በጆንያ ሆኖ ብየዳ ቤቱ ጥግ ቆመ። ኑረዲን ቤቱን ጥረግ ተባለ። ጠርጎ ሲጨርስ የጆንያዎቹን አፍ በወስፌ ሲሰፋ አይቼዋለሁ። በማግስቱ የመፈልፈያው ባለቤት የማሽኑ ጥርስ ረግፎበት፣ የታኘከ ቀይ ጨርቅና የተጨራመተ ብሎን ይዞ እየጮኸ መጣ። ጨርቁ የኔ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱም የኔ ሆነ።

«እኔ አይደለሁም፣ ጆንያውን የሰፋው ኑረዲን ነው» አልኩ። ኑረዲን ዓይኑን ሳያሽ «ወላሂ አልነካሁም» አለ። አባ እኔም እንድምል ወደኔ ዞሮ ጠበቀ። በትንሽ ትልቁ የአላህን ስም አትጥሪ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ እኔ ሞኟ ትምህርቱን አክብሬ ሳልምል ቀረሁ። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። መፍቻውን ከእጄ ወስዶ ለኑረዲን ሰጠውና «በቃ፣ ወደ እናትሽ ግቢ» አለኝ።

መኪናዋ ተሠርታ የወጣች ቀን፣ የግራው ብሎኖች መፈልፈያ ውስጥ ስላለቁ ግራ በሯ በሽቦ ታስሮ፣ ሰፈሩ ሲያጨበጭብ ከአባ ጎን የተቀመጠው ኑረዲን ነበር። እኔ ያየኋት በአጥር ቀዳዳ ነው።

ሰርቦ ላይ ታዲያ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ያኔ ስጠርግ ቋጠሮሽን ጆንያው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነበርኩ እኮ። በኋላ አነሳዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ልጅነት ነው፣ አፉ በይኝ።» እየሳቀ! አባ እስኪሞት ድረስ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ጎን ለጎን መስጊድ ሲመላለሱ አንድም ቀን ለመናገር አፉ አልተፈታም። ለኔ አሁን ምን ያደርግልኛል? ይህን መስማት የነበረበት ሰው መቃብር ውስጥ ነው።

ሹፌሩ የመጨረሻውን ብሎን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቅቶት ሲታገል መፍቻውን ተቀበልኩት። «ማዘር፣ ይተዉት፣ ይቆሽሻሉ» አለኝ። ሻሼን ወደ ኋላ ወርውሬ እጄን ሰደድኩና አጠበቅኩት። ኑረዲን «እጅሽ አልረሳም» ብሎ ተገረመ።

አዎ፣ እጄ አልረሳም። አባ ግን ይህ እጅ አይታመንም እንዳለ ሞተ።