ነፍስ ያለቀባት ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ በሙሉ «ልክልኩ» ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ናትና የሰው ልክ መውሰድ ሥራዋ ነው፤ ችግሩ የወሰደችውን ልክ በሆዷ አለመያዟ ነው። ሜትሩን ወገብ ላይ ጠምጥማ ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ዕጣ ጮክ ብላ ታወጣዋለች። «ካለፈው ጨምረሻል» ትላለች፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ። ደንበኛ ይቀየማታል፤ እጇ ወርቅ ነውና ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ተመልሶ ያልመጣ አንድ ሰው ቢኖር ታላቅ ወንድሟ ነው፣ የአምቡላንስ ሹፌሩ። ልጁን ሲድር ሙሉ ልብስ የሰፋችለት እሷ ናት። ልኩን ስትወስድ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ «እስከ ሠርጉ እከሳለሁ፣ በዚሁ ቁረጪው» አላት። ቆረጠችው። በሠርጉ ቀን ንግግር ሊያደርግ ብድግ ሲል ሱሪው ከኋላው ተተረተረ። እንግዳው ሳቁን በመሐረብ አፍኖ ሊያልፈው ነበር፤ እሷ ግን ሙያዋ ተነካባትና «እኔ ያለኝን ነው የቆረጥኩት፣ ቃሉን ያላከበረው ሆዱ ነው» ብላ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ደጇን አልረገጠም።

ድሮ በሥራ መሐል ጎራ እያለ ስለ መንገዱ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ጉልበቱ ሲያማርርባት ይቆይ ነበር። «ጆሮዬን በላኸው» ትለው ነበር። ሲቀር ነው ቤቱ ባዶ እንደሆነ የታወቃት። ሄዳ እንዳትታረቅ ደግሞ ሱሪው በልኩ ነው የተሰፋው። «በልኩ የሰፋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል?» እያለች የስፌት መኪናዋን ትጠይቃለች። መኪናው አይመልስላትም፤ እሷም እየናፈቃት ትሰፋለች።

ዝምታዋን አይታ ስልኳ ላይ ጨዋታ የጫነችላት ልጇ ናት። የሸሚዝ ቁልፍ የመሰሉ ባለ ቀለም ቁልፎች ናቸው፤ ሦስት አንድ ዓይነት ጎን ለጎን ሲገጥሙ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ከላይ ሌላ ይወርዳል። መጀመሪያ ናቀችው። «ቁልፍ ስተክል ውዬ ቁልፍ ስለቅም ልደር?» አለች። ሳምንት ሳይሞላ ግን እጅጌ እየገጠመች በአንድ ዓይኗ ቀዩን ከቀይ ታጋጥም ጀመር። አንዴማ ለአንድ አስተማሪ ሸሚዝ ሦስት ቁልፍ ጎን ለጎን ተክላ ተገኝታለች።

ጨዋታው ታዲያ እንዲሁ አያጫውትም። በቀይ ልብ የተሳሉ አምስት ነፍሶች ይሰጣል፤ በተሸነፉ ቁጥር አንዷ ትሄዳለች። ነፍስ ካለቀ ወይ መጠበቅ ነው፣ ወይ ወዳጅ መለመን። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አረንጓዴዎቹ አልገጥም ብለዋት ነፍሷ ተሟጠጠ። ስልኩ አንድ ነገር ጠየቃት። ግንባሯ ላይ ያለውን መነጽር ፈልጋ ስላጣችው፣ ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ተጫነች።

ስልኩም ቁጥሩ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ፣ ከፎቶዋ ጋር እንዲህ የሚል መልእክት በተነ፦ «ወዳጅዎ ነፍስ አልቆባታል። እባክዎ አሁኑኑ ይድረሱላት።» ከሥሩ ስለ ጨዋታው የሚገልጽ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረው፤ የደነገጠ ሰው ግን ደቃቅ ጽሑፍ አያነብም።

መጀመሪያ የደወለችው አንዲት ደንበኛ ናት። «የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው? እግዜር ያጽናችሁ። ቀሚሴ ግን ተቆርጦ ነበር ወይስ ጨርቁ እንዳለ ነው?»

«ተቆርጧል፤ ዳሌሽ ላይ ግን ጨርቁ አልበቃም» ብላ ዘጋችባት። ማጽናናቱን ከምን እንዳመጣችው አልገባትም።

ወደ ሥራዋ ስትመለስ መርፌዋ ወደቀባት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በደረቷ ተኝታ ወለሉን ስትዳስስ የአምቡላንስ ጩኸት ሰፈሩን አናጋው። በሩ ተበረገደ። ወንድሟ የአምቡላንሱን ነርስ አስከትሎ ሲገባ፣ ያየው ከጠረጴዛው ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ነው።

«ወይኔ እህቴን!» ብሎ በዚያ በሚያማርርበት ጉልበቱ ተንበረከከ። ድምፁን ስትሰማ ልትነሳ ነበር፤ ግን እያለቀሰ መናገር ጀመረ። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ አስባው የማታውቀውን፣ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር መሆኑን አስባ ፀጥ አለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት፤ በአንድ ሱሪ ምክንያት። ልኩ እኮ ትክክል ነበር። እሷ ምን አጠፋች? ሆዴ ነው!»

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሥ ነበር። እሷ ግን መታገሥ አልፈጠረባትም። «ጋሼ» አለች ከጠረጴዛው ሥር፣ «ጎረቤት አልሰማም፤ እስቲ ጮክ ብለህ ድገመው።»

ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የወንድሟ እንባ በአንዴ ደረቀ።

«በሞት ትቀልጂብኛለሽ?»

«ኧረ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ መርፌ ፍለጋ ነው የገባሁት።»

ከጠረጴዛው ሥር ስትወጣ መልእክቱን አወጣና አሳያት። እሷም ስልኳን አሳየችው። ነርሷ የሁለቱንም አይታ፣ ደቃቁን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አምቡላንስ እያስጮኸ የመጣው ለቁልፍ ጨዋታ መሆኑ ሲገባው ፊቱ ደም መሰለ። ወደ በሩ ዞረ።

ልክልኩ ያኔ ፈራች። ዛሬ እንዲህ ተዋርዶ ከወጣ፣ ዳግመኛ የሚመጣው የእውነቷን ስትሞት ነው፤ ያኔ ደግሞ ምንም ቢል አትሰማውም። ስለ ሱሪው ገና ያልተናገረችው ብዙ ነበራት። ሁሉንም ዋጠችው።

«ጋሼ፣ ናፍቀኸኛል» አለችው።

በሩን እንደያዘ ቆመ። ነርሷም «እኔ መኪናው ውስጥ ነኝ፤ ጥሪ ከመጣ እጠራዎታለሁ» ብላ በጎኑ ሾልካ ወጣች። እሱ ከወንበሩ ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንስቶ ተቀመጠ። አፍንጫውን ጠረገ፤ ቀጥሎ ስልኩን ጠረገ።

«ይሄ ነፍስ የምትሉት እንዴት ነው የሚላከው?»

የሚጫነውን አሳየችው። ተጫነ። ስልኳ ብልጭ አለና ቀያይ ልቦች ተደረደሩ።

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ።»

«ታዲያ አትጫወቺም?»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«አሁን ሰው አለኝ» አለች።